ፍሬኑን የሚይዘው ማን ነው? ጋባ፣ አስትሮሳይትና ማይክሮግሊያ

ጂረን ማዶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ጅማ ያለን የፊዚዮሎጂ ጥናት ቡድን ለሴሚናር የደረሰው ርዕስ «ግሊያ (ነርቭን አጅበው የሚገኙ ነርቭ ያልሆኑ የአንጎል ሴሎች) በአንጎል የመግታት ሥራ ውስጥ» የሚል ነው። የያዝነው መጽሐፍ ነገሩን በአራት ሐረግ ጨርሶታል፦ ገቺው ነርቭ ጋባ (የመግቻ መልእክተኛ ኬሚካል) ይለቃል፣ የጋባ-ኤ ተቀባይ ይከፈታል፣ ክሎራይድ ይገባል፣ ወዲያኛው ነርቭ ይረጋጋል። ግሊያ ሌላ ምዕራፍ ላይ «ደጋፊ ሴል» ተብሎ ተቀምጧል። ታዲያ ከግሊያ አንዱ የሆነው አስትሮሳይት ከዚህ ሰንሰለት የትኛው ቀለበት ላይ ነው የሚገባው? ቢበላሽስ ታማሚው ላይ ምን ይታያል? በደፈናው ሳይሆን ቁጥርና ስም እየጠራችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

አባ ቡና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

መጀመሪያ «ደጋፊ» የሚለውን ቃል ከስላይዳችሁ አውጡት። ሩዶልፍ ፊርሖ በ1850ዎቹ ስሙን ሲያወጣ ሙጫ ማለቱ ነበር። ስሙ እስከ ዛሬ አለ፣ ሐሳቡ ግን ከወደቀ ቆየ። «ግሊያ ከነርቭ አሥር እጥፍ ይበልጣል» የሚለውም አብሮት ወድቋል። በ2009 የታተመው ቆጠራ በአዋቂ ሰው አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን ነርቭና ወደ 85 ቢሊዮን ነርቭ ያልሆነ ሴል ነው ያገኘው።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ መጽሐፍህ የሚጀምረው «ጋባ ይለቃል» ከሚለው ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሂድና ጋባው ከየት መጣ በል። የሚሠራው ከግሉታሜት (የቀስቃሽ ነርቮች መልእክተኛ) ነው፤ ጋድ የሚባለው ኢንዛይም ከግሉታሜት ላይ አንዱን ካርቦክሲል ሲነቅል ጋባ ይሆናል። ግሉታሜቱ ደግሞ በብዛት ከግሉታሚን ይመጣል፣ ግሉታሚኑ ከአስትሮሳይት።

ዑደቱ እንዲህ ይዞራል። ሲናፕስ (ነርቭ ከነርቭ የሚገናኝበት ቦታ) ላይ የፈሰሰውን ግሉታሜት አብዛኛውን የሚሰበስበው አስትሮሳይት ነው። በፊት አንጎል ከዚህ ሥራ ወደ 90 በመቶ የሚሆነው ጂኤልቲ-1 በሚባለው ማጓጓዣ ያልፋል። ውስጥ ሲገባ ግሉታሚን ሲንተቴዝ የሚባለው ኢንዛይም አንድ ኤቲፒ (የሴሉ ጉልበት) ከፍሎ አሞኒያ ይጨምርበትና ግሉታሚን ያደርገዋል። ግሉታሚን ተቀባይ አይቀሰቅስም፤ ስለዚህ በሲናፕስ መሀል በሰላም አልፎ ነርቭ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ግሉታሚኔዝ መልሶ ግሉታሜት ያደርገዋል። የተለቀቀው ጋባም አብዛኛው ጋት-1 በሚባለው ማጓጓዣ ወደ ነርቩ ጫፍ ይመለሳል፤ አስትሮሳይት በጋት-3 የወሰደው ግን በጋባ ትራንስአሚኔዝ ተሰባብሮ ሰክሲኔት ሆኖ ማይቶኮንድሪያ ይገባል። ያ ጋባ እንደ ጋባ ተመልሶ አይመጣም። በግሉታሚን መልክ ካልተተካ ገቺው ነርቭ ቀስ በቀስ ባዶውን ይቀራል።

ነርቩ ራሱ ከግሉኮስ ለምን አይሠራውም ለሚል፦ ፓይሩቬት ካርቦክሲሌዝ የለውማ። ከክሬብስ ዑደት (ሴሉ ጉልበት ከሚያወጣበት) አንድ ሞለኪውል ቆርጦ ቢያወጣ ጉድለቱን የሚሞላበት መንገድ የለውም። ኢንዛይሙ ያለው አስትሮሳይት ውስጥ ነው።

ለሴሚናሩ አንድ ሙከራ ብቻ ምረጡ ብባል የምመርጠው የ2010ሩን ነው። የአይጥ ሂፖካምፐስ (የአንጎል የማስታወሻ ክፍል) ውስጥ በቫይረስ አስትሮሳይቶቹን ብቻ አስቆጧቸው፤ ሴሎቹ አበጡ፣ የግሉታሚን ሲንተቴዝ መጠናቸው ወረደ። ነርቮቹ አልተነኩም። ውጤቱ ምን ሆነ? የገቺው ሲናፕስ ሞገድ ደከመ፣ የቀስቃሹ ግን እንደነበረ ቀረ። ከውጭ ግሉታሚን ሲጨመር ገቺው ተመለሰ። መድኃኒት መቋቋም በጀመረ የቴምፖራል ሎብ (ከጆሮ በላይ በጎን በኩል ያለው የአንጎል ክፍል) የሚጥል በሽታ፣ ሂፖካምፐሱ ጠባሳ በያዘባቸው ታማሚዎች ላይም ይኸው ኢንዛይም ቀንሶ ተገኝቷል።

ሚሊቮልት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

አባ ቡና አቅርቦቱን ጨርሰውታል። እኔ «ክሎራይድ ይገባል» የሚለው ላይ ልቁም፣ ምክንያቱም ክሎራይድ ሁልጊዜ አይገባም። የሚገባው የክሎራይድ ሚዛን ቮልቴጅ (ክሎራይድ ሳይገባም ሳይወጣም የሚቆምበት) ከነርቩ ዕረፍት ቮልቴጅ በታች ሲሆን ብቻ ነው። ወረቀት ያዝና አብረን እንሥራ፤ የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ስለሆነ ማባዣው 61.5 ነው።

ውስጥ 7፣ ውጭ 130 ሚሊሞላር ክሎራይድ ቢሆን፦ 61.5 × ሎግ(7/130) = -78 ሚሊቮልት። ነርቩ -70 ላይ ቢያርፍ ክሎራይድ ይገባል፣ ይገታል። ውስጡ 20 ሲደርስ፦ 61.5 × ሎግ(20/130) = -50። አሁን ጋባ ሲመጣ ክሎራይድ ይወጣል፤ ያው ጋባ፣ ያው ተቀባይ፣ ሥራው ግን ተገለበጠ።

ውስጡን ዝቅ አድርጎ የሚይዘው ኬሲሲ-2 የሚባለው አውጪ ነው። አንድ ፖታሲየምና አንድ ክሎራይድ ጠምዶ ያወጣል፣ ኤቲፒ አያቃጥልም። ጉልበቱን የሚያገኘው ከፖታሲየም ልዩነት ነው። አስትሮሳይት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኬሲሲ-2 ሊያደርስ የሚችለው ዝቅተኛ ክሎራይድ = የውጭ ፖታሲየም × የውጭ ክሎራይድ ÷ የውስጥ ፖታሲየም።

የውጭ ፖታሲየም 3 ሲሆን፦ 3 × 130 ÷ 140 = 2.8 ሚሊሞላር።
የውጭ ፖታሲየም 10 ሲሆን፦ 10 × 130 ÷ 140 = 9.3 ሚሊሞላር።

የመጀመሪያው ወለል ወደ -103 ሚሊቮልት ይወስድሃል፣ ሁለተኛው -70 አካባቢ ይተውሃል። ነርቩ በእውነተኛ ሕይወት ወለሉ ላይ አይደርስም፣ ክሎራይድ ሲገባበት ስለሚውል ሁልጊዜ ትንሽ ከፍ ይላል። ፖታሲየም 10 ሲደርስ ግን ወለሉ ራሱ ከፍ አለ፤ አውጪው ጤነኛ ቢሆንም ከዚያ በታች መውረድ አይችልም።

ነርቮች በተኮሱ ቁጥር የሚያፈሱትን ፖታሲየም ጠርጎ የሚያነሳው አስትሮሳይት ነው፤ ከፊሉ በፓምፕ፣ ከፊሉ ኪር 4.1 በሚባለው ቻናል። በሚጥል ጊዜ የውጭ ፖታሲየም 10 እና 12 ላይ ደርሶ እንደ ጣሪያ የሚቆመው በዚህ ጠረጋ ነው። የኪር 4.1 ዘረመል ከተበላሸ ልጁ ከሕፃንነቱ ይጥለዋል፣ ሚዛን መጠበቅ ያቅተዋል፣ ጆሮው ይደክማል፣ ኩላሊቱም ጨው ያፈሳል። አራቱ አብረው የሚታዩበት ይህ ሕመም በ2009 ተለይቶ ስም ወጣለት።

ጂረን ማዶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡32

ሚሊቮልት፣ ሠርቼ አየሁት፣ ገባኝ። ግን የጋባ-ኤ ተቀባይ ባይካርቦኔትም ያሳልፋል ይላሉ። ሒሳቡን አያዛባውም?

ሚሊቮልት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ያዛባል፣ ጥሩ ያዝክ። ባይካርቦኔት ከክሎራይድ አንጻር ሩብ ያህል ያልፋል እንበል። ውስጥ 16፣ ውጭ 26 ሚሊሞላር፦ (7 + 4) ÷ (130 + 6.5) = 0.081፣ በ61.5 ሲሰላ -67 ሚሊቮልት። ያ -78 የነበረው ማለት ነው። እና ነርቩ -70 ላይ ቢሆን ጋባ ቮልቴጁን በትንሹም ቢሆን ወደ ላይ ነው የሚስበው! ያም ሆኖ ይገታል፤ ተቀባዩ ሲከፈት ሽፋኑ ስለሚያፈስ ቀስቃሹ ያመጣው ሞገድ በዚያ ቀዳዳ ይባክናል። «መግታት» ሁሉ ቮልቴጅ መጣል አይደለም። ስላይዱ ላይ ሁለቱንም ሒሳብ አስቀምጡት፣ ጠያቂ መምጣቱ አይቀርም።

ፋርማ ሂርማታ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡15

ከመድኃኒት ወገን ልጨምር። ዳያዜፓም ጋባ አይሠራም። ጋባ ሲያርፍበት ተቀባዩ ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል፣ በቃ። ፌኖባርቢታል ደግሞ በተከፈተ ቁጥር ረዘም ብሎ እንዲቆይ ያደርገዋል፤ በከፍተኛ መጠን ሲሆን ያለ ጋባም ይከፍተዋል። ጋባው ራሱ ካለቀ ዳያዜፓም የባጃጅ ፍሬን ዘይቱ አልቆ ፔዳል መርገጥ ነው፤ እግርህ ወለል ይነካል፣ ባጃጇ ግን ትሄዳለች።

ይህ በግልጽ የሚታየው የቲቢ መድኃኒቱ አይሶኒያዚድ ከመጠን በላይ በተወሰደ ጊዜ ነው። ጋድ ያለ ቫይታሚን ቢ6 አይሠራም፣ አይሶኒያዚድ ደግሞ ቢ6ን ያጠፋል፤ ወደሚሠራበት መልክ የሚቀይረውንም ኢንዛይም ይይዛል። በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ በአንዴ የወሰደ ሰው ሊጥለው ይችላል። ምልክቱ ሦስት ነው፦ በዳያዜፓም የማይቆም መንቀጥቀጥ፣ የደም አሲድ መጨመር፣ ራስን መሳት። መፍትሔው ፒሪዶክሲን፣ ለተወሰደው እያንዳንዱ ግራም አይሶኒያዚድ አንድ ግራም። መጠኑ ካልታወቀ ለአዋቂ 5 ግራም፣ ለልጅ በኪሎ 70 ሚሊግራም ሆኖ ከ5 ግራም ሳያልፍ። የደም ሥር ከሌለ ክኒኑ ተፈጭቶ በአፍንጫ ቱቦ ይሰጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ 5 ግራም ማለት በ50 ሚሊግራሙ ክኒን 100 ፍሬ ነው፣ በ25ቱ 200። «ሁለት ሦስት ፍሬ ሰጥተነዋል» የሚል ሰው ምንም አልሰጠም። ለቲቢ መከላከያ አብሮ የሚታዘዘው ዕለታዊ 25 ሚሊግራም ደግሞ የእግር መደንዘዝን ለመከላከል ነው፣ ለዚህ አይበቃም።

ኮከቤ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡05

ፋርማ፣ የባጃጁ ምሳሌ ጥሩ ነው፣ ግን ጉዳዩ የግሊያ አይደለም። ጋድ ያለው ነርቩ ውስጥ ነው። አይሶኒያዚድ ዘይት የሚቀዳበትን አፍ ነው የደፈነው፤ ባለሱቁ አስትሮሳይት ነው፣ እሱ ሱቁን አልዘጋም። ሴሚናር ላይ ይህን የግሊያ ማስረጃ አድርገው ካቀረቡ ይጠየቁበታል። በማነጻጸሪያነት ግን ይያዝ፦ አንዱ የሚበላሸው ነርቩ ጋ፣ ሌላው አቅራቢው ጋ፣ ሁለቱም ቦታ ተቀባዩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ፍሬኑ ይጠፋል።

እኔ ማንሳት የምፈልገው ማንም ያልነካው አንድ ነገር አለ። አስትሮሳይት ጋባ መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን መልቀቅም ይችላል። ጋት-3 ለአንድ ጋባ ሁለት ሶዲየምና አንድ ክሎራይድ አብሮ ያስገባል፤ ስለዚህ ሶዲየም ውስጥ ከተጠራቀመ መኪናው በሪቨርስ ይሄዳል። እንደ ሚሊቮልት እኔም በምሳሌ ቁጥር ልሥራው፦ ሶዲየም ውጭ 145፣ ውስጥ 15፤ ክሎራይድ ውጭ 130፣ ውስጥ 40፤ ጋባ ውጭ 0.2 ማይክሮሞላር፣ ውስጥ 1 ሚሊሞላር። መገልበጫው (ማጓጓዣው አቅጣጫ የሚቀይርበት ቮልቴጅ) -75 ሚሊቮልት ይሆናል። አስትሮሳይት -85 ላይ ስለሚያርፍ ጋባ ያስገባል። አጠገቡ ያለው ቀስቃሽ ሲናፕስ ሲጋጋል ጂኤልቲ-1 ለአንድ ግሉታሜት ሦስት ሶዲየም ይዞ ይገባል። የውስጥ ሶዲየም 25 ይድረስ፤ መገልበጫው -102 ሆነ። አስትሮሳይቱ ያለበት -85 አሁን ከላይ ቀረ፣ ጋባው መውጣት ጀመረ።

ትርጉሙ ልብ ይባል፦ ቀስቃሹ በበዛ ቁጥር አስትሮሳይቱ ግሉታሜት ይወስዳል፣ በምላሹ ጋባ ይሰጣል። ይህ ጋባ ሲናፕስ መሀል አያርፍም፣ ከሲናፕስ ውጭ ያሉትን አልፋ-5 እና ዴልታ ክፍል ያላቸውን ተቀባዮች ነው የሚያገኛቸው፤ እነሱ በጣም ትንሽ ጋባ ይበቃቸዋል፣ ቶሎም አይደክሙም። ቶኒክ መግታት የምንለው ይህ ነው፤ አንዴ ተረግጦ የሚለቀቅ ሳይሆን ተስቦ እንደተተወ የእጅ ፍሬን።

የእጅ ፍሬን ደግሞ ሲበዛም ይጎዳል። ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ጋት-1 እንኳ ያለው ነርቭ ላይ ሳይሆን አስትሮሳይት ላይ ነው። አብሰንስ የሚባለው የልጆች የመፍዘዝ ሕመም ባለባቸው የአይጥ ዘሮች ይህ ጋት-1 ሥራው ቀንሷል፣ ጋባ ይጠራቀማል፣ የታላመስ ነርቮች ከመጠን በላይ ስለሚረጋጉ በቡድን ሆ ብለው ወደሚተኩሱበት ሁኔታ ይገባሉ። ጋት-1ን የሚዘጋው ቲያጋቢን አብሰንስን የሚያባብሰው ለዚህ ነው። «ጋባ በጨመረ ቁጥር ይሻላል» ለሚል ሰው ይህችን አንብቡለት።

ቦዬ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ታማሚው ላይ ምን ይታያል ላልከው፣ ጂረን ማዶ፣ ዋርድ ውስጥ በየቀኑ የሚታየው የአስትሮሳይት በሽታ የጉበት ኢንሴፋሎፓቲ (ጉበት ሲደክም የሚመጣ የአንጎል መታወክ) ነው። ኮከቤ ስለ መብዛት ያነሳችው እዚህ አለ። ጉበት ያላጣራው አሞኒያ አንጎል ይገባል፤ እዚያ የሚጠብቀው የአስትሮሳይቱ ግሉታሚን ሲንተቴዝ ብቻ ነው። አሞኒያውን ወደ ግሉታሚን ሲቀይር ሲቀይር ግሉታሚኑ ውስጡ ይጠራቀማል፣ ውኃ ይስባል፣ ሴሉ ያብጣል። በዚያ ላይ የተጨነቀው አስትሮሳይት ኒውሮስቴሮይድ ማምረት ይጨምራል፤ ከእነሱ አንዱ አሎፕሬግናኖሎን የጋባ-ኤ ተቀባይን ያጠናክራል። የሰውየው እጅ ሲዘረጋ ማርገብገቡ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት መንቃቱ፣ ቀስ ብሎ መፍዘዙ እንግዲህ ያልታዘዘ ዳያዜፓም እንደወሰደ ሰው ነው። ለዚህ ነው እንዲህ ላለ ሰው «ተረበሸ» ተብሎ ዳያዜፓም የማይሰጠው። የዳያዜፓም ማርከሻው ፍሉማዜኒል አንዳንዱን ለአጭር ጊዜ ያነቃል፣ ቋሚ ሕክምና ግን አይደለም።

የሚሠራው ላክቱሎስ ነው፦ ከ20 እስከ 30 ግራም በቀን ከሁለት እስከ አራት ጊዜ፣ ልኩ በቀን ሁለት ሦስት ለስላሳ ሰገራ። ከዚያ ካለፈ ውኃና ፖታሲየም ይጎድላል፣ ፖታሲየም ሲጎድል ኩላሊት ራሱ አሞኒያ ያመርታል፤ መድኃኒቱን በማብዛት በሽታውን መልሶ መጥራት ማለት ነው።

በእኛ አካባቢ ቢልሃርዚያም ሄፓታይተስ ቢም ጉበት ያጠቃሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። ቢልሃርዚያ የጉበቱን ሴል ብዙም ሳይነካ የደም መንገዱን ነው የሚያጠብበው፤ ስለዚህ ደም የሚያስመልሰው ታማሚ እንኳ አእምሮው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ከደማ በኋላ ከፈዘዘ ግን አንጀት ውስጥ የቀረው ደም ፕሮቲን ነውና አሞኒያውን አስቡ።

ቫልፕሮኤት (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ከፈዘዘም አትርሱት። የጉበት ኢንዛይሞች ደህና ሆነው አሞኒያ ብቻ ሊወጣ ይችላል። ናሙናው ሲወሰድ ክንዱን ለረጅም ጊዜ አትሰሩ፣ ጡጫ አታስጨብጡ፣ ቱቦው በረዶ ላይ ይቀመጥ፣ ፕላዝማው በ15 ደቂቃ ውስጥ ይለይ። ጠረጴዛ ላይ የዋለ ደም ቀይ ሴሎቹ ራሳቸው አሞኒያ ስለሚያፈሩ ውጤቱ ከፍ ብሎ ይመጣል።

ጂረን ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

ዶክተር ቦዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማይክሮግሊያስ? እስካሁን አስትሮሳይት ብቻ ነው የተወራው።

አባ ቡና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

ማይክሮግሊያ፣ የአንጎሉ የመከላከያ ሴል፣ ሁለት ፊት አለው። ክፉው ፊቱ በ2005 ከአከርካሪ የወጣው ነው። የአይጥ የእግር ነርቭ ሲጎዳ የአከርካሪው የኋላ ቀንድ ውስጥ ማይክሮግሊያ በፒ2ኤክስ4 ተቀባዩ ኤቲፒ አሽትቶ ቢዲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይለቃል፤ ያ ነርቩ ላይ ትርክ-ቢ የሚባለውን ተቀባይ ነክቶ ኬሲሲ-2ን ያወርዳል። ቀሪው ሚሊቮልት የሠራው ሒሳብ ነው፦ ክሎራይድ ይጠራቀማል፣ ጋባ ኃይሉን ያጣል፣ የጨርቅ መነካት እንደ እሳት ያቃጥላል። አንድ ማሳሰቢያ፦ በ2015 የወጣው ሥራ ይህ መንገድ በወንድ አይጦች የማይክሮግሊያ፣ በሴቶቹ ግን በብዛት የቲ ሴል መሆኑን አሳይቷል። የወንድ አይጥ ውጤት ይዛችሁ «ማይክሮግሊያ ሕመምን ያመጣል» ብላችሁ በደፈናው አትጻፉ።

ደጉ ፊቱ በጋባ አይሄድም። የሚጋጋል ነርቭ ኤቲፒ ያፈሳል፤ ማይክሮግሊያ ቅርንጫፉን ወደዚያ ዘርግቶ ሲዲ39 በሚባለው ኢንዛይም ኤቲፒውን ወደ ኤኤምፒ ይቆርጣል፣ ሲዲ73 አደኖሲን ያደርገዋል፣ አደኖሲን በኤ1 ተቀባይ ነርቩን ያበርዳል። አስትሮሳይት ደግሞ በአደኖሲን ኪኔዝ ያንን አደኖሲን ያነሳል፤ በጠባሳ ውስጥ ይህ ኢንዛይም ሲበዛ አደኖሲኑ ይጎድላል።

ጅማ ላይ ስለ አደኖሲን አውርቶ ቡናን መዝለል ነውር ነው፦ ካፌይን የሚዘጋው ይህንኑ ኤ1ንና ኤ2ኤን ነው። አንድ ስኒ የሚያነቃህ ይህን የግሊያ ፍሬን ትንሽ ስለሚያላላው ነው። ወንድሙ ቴኦፊሊን (የአስም መድኃኒት) ከመጠን ሲያልፍ ግን ያስጥላል፤ ያኔ ፌኒቶይን አይረዳም፣ የሚያዋጣው የጋባውን ወገን የሚያጠናክሩት እነ ፌኖባርቢታል ናቸው።

ኮከቤ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ሴሚናሩ ላይ «እንዴት ይለካል» ብለው ከጠየቋችሁ፣ ሙከራው የሚበላሽባቸውን ቦታዎች እወቁ።

ተራ የሙሉ ሴል ፓች (በቀጭን የመስታወት ቱቦ፣ በፒፔት፣ የሴሉን ሽፋን ከፍቶ መለካት) ከሆነ የፒፔቱ ፈሳሽ ነርቩን ይሞላዋል፤ ክሎራይዱ እናንተ የቀዳችሁት ሆነ ማለት ነው። ኬሲሲ-2 ቢኖርም ባይኖርም አታዩትም። ስለዚህ ግራሚሲዲን ይጠቀማሉ፦ ሽፋኑ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ሶዲየምና ፖታሲየም ያሳልፋል፣ ክሎራይድ አያሳልፍም። ተከፍቶ እስኪስተካከል ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ፒፔቱ ውስጥ ሆን ብሎ ክሎራይድ ማብዛት ብልህነት ነው፤ ሽፋኑ ከተቀደደ የጋባ መገልበጫው ድንገት ወደ ዜሮ ስለሚዘል ወዲያው ታውቃላችሁ።

ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሰው ሠራሽ የአንጎል ፈሳሽ ግሉታሚን የለውም። እውነተኛው ወደ 0.5 ሚሊሞላር አለው። የአንጎል ቁራጩ ለሰዓታት ግሉታሚን በሌለው ፈሳሽ ሲታጠብ ውሎ ገቺው ቢደክም፣ የበሽታው ነው ወይስ የፈሳሹ? ሦስተኛ፣ በክፍል ሙቀት መሥራት ማጓጓዣዎቹን ያዘገያል፤ «ጋት-3 ሚና የለውም» የሚል ውጤት ስታዩ መጀመሪያ ሙቀቱን ተመልከቱ። ፍሎሮሲትሬትንም «አስትሮሳይት ብቻ ይመርዛል» ብለው ይጽፋሉ። መጠኑ ትንሽ ካለፈ ነርቩንም ይነካል።

ጂረን ማዶ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

ኮከቤ፣ አንድ የመጨረሻ። ኪር 4.1ን ለመዝጋት ባሪየም 100 ማይክሮሞላር ይላሉ። እኛ ባለን የፈሳሽ አሠራር ላይ ዝም ብሎ መጨመር ይቻላል?

ኮከቤ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡25

ማግኒዚየሙ በምን መልክ ነው የተጻፈው? ማግኒዚየም ሰልፌት ከሆነ አይቻልም፤ ባሪየም ከሰልፌት ጋር ተያይዞ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል፣ ቁራጩ ጋ የሚደርሰው ባሪየም ከጻፋችሁት እጅግ ያነሰ ይሆናል። በማግኒዚየም ክሎራይድ ቀይሩት፣ ፎስፌቱንም አውጡት። ፎስፌቱ የወጣበትን ፈሳሽ ለመቆጣጠሪያው ቁራጭም ተጠቀሙ፣ አለበለዚያ ሁለት ነገር ቀይራችሁ አንዱን ትከሳላችሁ።